ከባቡር መስኮት የታየ ከተማ
ስለ ከተሞች መድከም የሚጻፈውን በአቃቂ በሰቃ ሚዛን ስለ መመዘን

በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት ነገር አንድ የሥራ ከተማ ሲደክም ጸሐፊ እንዴት አድርጎ ይጽፈዋል የሚለውን ጥያቄ ነው። ጥያቄውን የማነሣው ለቃላት ጨዋታ አይደለም። ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል ብዙዎች ወደ አቃቂ ወርደን፣ መጠይቅ አስሞልተን፣ የቤቱን ጣራና የወንዙን ሽታ መዝግበን እንመለሳለን። ጽሑፋችን ሲነበብ ግን በከተማው ውስጥ ሰው ያለበት አይመስልም፤ ቢኖርም የሚታዘንለት ሰው ብቻ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ የአቃቂ ልጅ የተባለ ሁሉ ስለ ትውልድ ቦታው ሲጠየቅ የፋብሪካዎቹን ስም ይቆጥራል፣ ባቡሩን ያነሣል፣ ቀድሞ የነበረውን ያወድሳል፤ ስለ ወንዙ ሲጠየቅ ግን ወሬውን ይለውጣል። አንደኛው ወገን ፍርስራሽ ብቻ ያያል፤ ሁለተኛው ፍርስራሹን አያይም። እንግዲህ ከሁለቱ መካከል እውነቱ በየት በኩል ይገኛል?

ለዚህ መልስ ስፈልግ የሰሜን እንግሊዝን ከተሞች የጻፉ ሦስት ደራስያንን ለምስክርነት እጠራለሁ። የፋብሪካ ከተማ ሲወለድም ሲደክምም ከሁሉ አስቀድሞ ያየው ያ አገር ነውና። እኔ ራሴ በሚስዮን ትምህርት ቤት ስማር የማንቸስተርን ጭስ ከመጽሐፍ ያወቅሁት የአቃቂን ጭስ በዐይኔ ከማየቴ በፊት ነበር። ይህ የሚያሳፍር አይደለም፤ የሚያሳፍረው በማንቸስተር መነጽር አቃቂን አይቶ፣ መነጽሩ የማን እንደሆነ መርሳት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው፣ ከሁለቱ አገሮች ታሪክ ጋር ለማስተያየት ያመች ዘንድ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አንደኛ፤ የሦስቱ ደራስያን ነገር

ጆርጅ ኦርዌል በ1936 መጀመሪያ ወራት ወደ ሰሜን እንግሊዝ ሄዶ በዊገን፣ በሼፊልድና በባርንስሊ ከከሰል ቆፋሪዎች ጋር ሰነበተ፤ ያየውንም በ1937 ወደ ዊገን ፒየር የሚወስደው መንገድ በሚል ርእስ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አንባቢ ሁሉ የማይረሳው አንድ ሥዕል አለ። ደራሲው በባቡር ከከተማው ሲወጣ፣ አንዲት ወጣት ሴት ከጎስቋላ ቤት ጓሮ በብርድ ተንበርክካ የተደፈነ ቱቦ በእንጨት ስትጎረጉር ያያል። ፊቷንም አይቶ፣ የደረሰባትን መከራ ጠንቅቃ የምታውቅ ሰው መሆኗን ይረዳል። ባቡሩም ያልፋል።

ሥዕሉ ብርቱ ነው፤ ልብ ይነካል። ዳሩ ግን ከደራሲው ሞት በኋላ የታተመው የጉዞ ማስታወሻው ሌላ ነገር ይነግረናል። ኦርዌል ሴትዮዋን ያያት ከባቡር ሳይሆን በእግሩ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ሲያልፍ ነበር። በእርምጃ ርቀት ነበረች ማለት ነው፤ ቢፈልግ ሰላም ሊላት፣ ቱቦው ከመቼ ወዲህ እንደተደፈነ ሊጠይቃት ይችል ነበር። መጽሐፉን ሲያዘጋጅ ግን በመካከላቸው የባቡር መስኮት አስገባ። ይህን የምጠቅሰው ዋሸ ብዬ ለመክሰስ አይደለም፤ ደራሲ ያየውን አሳምሮ የማቅረብ መብት አለው። የምጠቅሰው መስኮቱ ምን እንደሠራ ለማሳየት ነው። መስኮቱ ሴትዮዋን ምሳሌ አደረጋት፤ ምሳሌ የሆነ ሰው ደግሞ አይናገርም።

የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ሌላ ማስረጃ ነው። ዊገን ከባሕር የራቀ ከተማ ነው። ዊገን ፒየር የተባለው በቦይ ዳር ከሰል ወደ ጀልባ የሚገለበጥበት ትንሽ መድረክ ነበር፤ የባሕር መዝናኛ እንደሆነ አድርገው በራሳቸው ላይ የቀለዱት የአካባቢው ሰዎችና የአገሩ ቀልደኞች ናቸው። ኦርዌል በደረሰ ጊዜ መድረኩ ፈርሶ ነበር። ስለዚህ የከተማው የገዛ ቀልድ በእንግዳ እጅ ገብቶ የኀዘን ርእስ ሆነ። በራሱ ላይ መቀለድ የሚችል ሰው ገና ያልተሸነፈ ሰው ነው፤ መጽሐፉ ግን ይህን ለማየት ጊዜ አልሰጠም።

ጄ. ቢ. ፕሪስትሊ ከኦርዌል ይለያል፤ ሱፍ ይሠራበት የነበረው የብራድፎርድ ከተማ ተወላጅ ነውና። በ1933 በእንግሊዝ አገር ዞሮ በ1934 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አብረውት የዘመቱት ጓደኞቹ በተሰበሰቡበት ግብዣ ላይ መገኘቱን ይተርካል። ለድኾቹ ዘማቾች መግቢያው በነፃ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ ሆኖም አንዳንዶቹ ለግብዣ የሚሆን ልብስ የለንም ብለው ቀሩ። የጨርቅ ከተማ ልጆች ልብስ አጥተው ከጓደኞቻቸው ማዕድ ሲቀሩ! ፕሪስትሊ በዚህ ይቆጣል፤ ቁጣውም የተገባ ነው። እኔ ግን ሌላም ነገር አነብበታለሁ። እነዚያ ሰዎች የቀሩት ስለ ራባቸው ወይም ስላልራባቸው አይደለም፤ እንዴት መታየት እንዳለባቸው የገዛ ራሳቸው ሕግ ስለነበራቸው ነው። ኩራት ማለት ይህ ነው። ለሰውየው ጥቅም አላመጣለትም፤ ግን ሰውየው ማን እንደሆነ ይነግረናል።

ሦስተኛው ሪቻርድ ሆጋርት ነው። በሊድስ ከተማ በሠራተኞች መንደር በድኽነት አድጎ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ፤ በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ የዚያን መንደር ኑሮ ከውስጥ ሆኖ ጻፈ። በእርሱ መጽሐፍ ሰዎቹ ይናገራሉ፤ ምሳሌያቸው፣ ዘፈናቸው፣ የእናት ወግ፣ የምድጃው ሙቀት ሁሉ አለ። ጉድለቱ ሌላ ነው። ሆጋርት እስከ ፋብሪካው በር ያደርሰንና እዚያው ያቆመናል። ሥራው ራሱ፣ የሠራተኛው ማኅበር፣ አድማው፣ ከሹም ጋር የሚደረገው ክርክር በመጽሐፉ ውስጥ እምብዛም ቦታ የላቸውም። ከዚህም የተነሣ የቀድሞው ኑሮ ከነበረው ይልቅ ሞቆ ይታያል።

እንግዲህ ሦስቱን ስናነጻጽር፣ አንደኛው ከመስኮት አየ፣ ሁለተኛው ለአንድ ሌሊት ተመለሰ፣ ሦስተኛው ከውስጥ ወጥቶ በናፍቆት ጻፈ። እኛም አቃቂን ስንጽፍ ከነዚህ ከሦስቱ ጉድለቶች በአንዱ፣ አንዳንድ ጊዜም በሦስቱም እንወድቃለን።

ሁለተኛ፤ አቃቂ ከዊገን በምን ይለያል

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1915 አቃቂ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ስለዚህ ለሁለት ዓመት ያህል የሐዲዱ ጫፍ አቃቂ ነበር። በ1935 በአቃቂ የራዲዮ ማሠራጫ ተከፈተ፤ ጣቢያውን የሠራው የኢጣልያ ኩባንያ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ የኢጣልያን ወረራ ለዓለም ያስታወቀችበት ጣቢያ ሆነ። ከከተማው በታች፣ ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች በሚገናኙበት፣ ከአገራችን የውሃ ኃይል ማመንጫዎች ቀዳሚው የሆነው አባ ሳሙኤል ይገኛል፤ ኃይሉ 6.6 ሜጋዋት ብቻ ቢሆንም ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር።

ከዚያም ጨርቃ ጨርቅ መጣ። የሕንድ ነጋዴዎች የሆኑት የቢርላ ቤተሰብ በ1959 በኢትዮጵያ ያቋቋሙት የጨርቃ ጨርቅ ኩባንያ፣ የሕንድ ባለሀብቶች ከአገራቸው ውጭ በሽርክና ካቋቋሟቸው ታላላቅ ድርጅቶች የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል። አስገራሚው ነገር በዚያው በ1959 የእንግሊዝ ፓርላማ አሮጌ መዘውራቸውን ለሚያፈርሱ የላንክሻየር ባለፋብሪካዎች ገንዘብ የሚከፍል ሕግ ማውጣቱ ነው። ላንክሻየር በ1913 ወደ 7 ቢሊዮን ያርድ የሚጠጋ የጥጥ ጨርቅ ወደ ውጭ የላከ አገር ነበር፤ ብዙውም የሚሸጠው በሕንድ ነበር። ገዢ የነበረው ሕንድ ሻጭ ሆነ፤ ከሻጭነትም አልፎ ፋብሪካ ተካይ ሆኖ ወደ እኛ አገር መጣ። በአንዱ ሥፍራ መዘውሩ ሲሰበር በሌላው ይተከላል። የዊገንን ሰፈር ያደከመው ነፋስና አቃቂን ያቆመው ነፋስ አንድ ነፋስ ነው ማለት ይቻላል።

ነፋሱ ግን አልቆመም። በ1975 መጀመሪያ ደርግ 72 የሚሆኑ ድርጅቶችን በሙሉ ሲወርስ ታላላቆቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በመንግሥት እጅ ገቡ። ከ1991 በኋላ ገበያው ሲከፈት ደግሞ አሮጌ መኪና የያዙት የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ከውጭ ከሚገባው ርካሽ ጨርቅና ከልባሽ ልብስ ጋር መወዳደር ግድ ሆነባቸው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው የአሮጌው ባቡር አገልግሎት በ2000ዎቹ መጨረሻ ተቋረጠ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በፉሪና በእንዶዴ በኩል ስለሚሄድ የአቃቂን አሮጌ ጣቢያ አይነካም። በ2014 የተከፈተው የአዳማ ፈጣን መንገድ ከቱሉ ድምቱ ይጀምራል፤ በ2015 ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ደግሞ ቃሊቲ ላይ ያበቃል። የኦርዌል መስኮት እንኳ አሁን በአቃቂ አያልፍም።

ይህን ያነበበ ሰው አቃቂ ወደቀ ብሎ ሊደመድም ይችላል። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የሰሜን እንግሊዝ ከተማ ሲደክም ሕዝቡ ቀነሰ፣ ሱቁ ተዘጋ፣ ቤቱ ባዶ ቀረ። አቃቂ ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ከልክ በላይ አድጓል። አዳዲስ ፋብሪካዎች ተተክለዋል፣ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዙ ሺህ ተሠርተዋል፣ የጭነት መኪናው ብዛት መንገዱን አጣብቧል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያ ፋብሪካ የብረት ሥራን ለአካባቢው አስተምሯል። አባ ሳሙኤልም ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በቻይና እርዳታ ታድሶ በ2016 ዳግም ኃይል ማመንጨት ጀመረ። ስለዚህ በአቃቂ የጠፋው ሰው ወይም ሥራ አይደለም። የጠፋው ከተማነቱ ነው። አቃቂ በሰቃ የራሱ ስምና የራሱ መካከል ያለው ከተማ ነበር፤ መካከሉም ጣቢያው፣ ገበያውና የፋብሪካው በር ነበር። ዛሬ የአዲስ አበባ አንድ ክፍለ ከተማ ግማሽ ስም ነው። ዊገን ከመክሳት የተነሣ ደከመ፤ አቃቂ ግን ከመዋጥ የተነሣ ደከመ። መክሳትን ለመግለጥ የተሠራ ቃል መዋጥን ሊገልጥ አይችልም። ከእንግሊዝ መጻሕፍት የወሰድነውን የውድቀት ቃል እንዳለ አምጥተን በአቃቂ ላይ ስንጭን፣ ያለውን የለም፣ የሌለውን አለ ብለን እንጽፋለን።

ሦስተኛ፤ ቱቦው ተከፈተ ወይ?

በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ለብዙ ዘመን የሠሩ አንድ ሽማግሌ በአቃቂ አውቃለሁ። ባለፈው ክረምት ከበራቸው ተቀምጠን ሳለ የኦርዌልን ሴት ታሪክ በአማርኛ ነገርኋቸው። ብርዱን፣ ጓሮውን፣ እንጨቱን፣ የተደፈነውን ቱቦ ሁሉ ነገርኋቸው። ከጨረስሁም በኋላ፣

«ከዚያስ?» አሉኝ።

«ከዚያማ ባቡሩ አለፈ፣ አባባ።»

ጥቂት ዝም አሉና፣ «ቱቦው ተከፈተ ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

መልስ አልነበረኝም። መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ በመምህራን ፊትም ተከራክሬበታለሁ፤ ይህን ጥያቄ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ሽማግሌው ሴትዮዋን የተሸነፈች ሰው ምሳሌ አድርገው አላዩአትም። ሥራ ላይ ያለች ሰው አድርገው አዩአት። ሥራ ላይ ላለ ሰው ደግሞ የሚቀርበው ጥያቄ ምን ተሰማሽ የሚል ሳይሆን ሥራው ሆነልሽ ወይ የሚል ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እኔም ባለፈው ዓመት ስለዚያው ሰፈር በጻፍሁት ጽሑፍ ውስጥ አንድ የተደፈነ የፍሳሽ ቦይ ጠቅሼ፣ ነዋሪዎቹ ለአካባቢያቸው ግድ የሌላቸው መሆናቸውን ያሳያል ብዬ ነበር። ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው ሣቁ። ቦዩን የእድሩ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ ወጣቶቹም ጉልበታቸውን ሰጥተው በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ አስጠርገውታል፤ ከላይ ከሚወርደው ቆሻሻ የተነሣ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ተደፈነ። «አንተ የመጣኸው በመካከሉ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ያየሁት እውነት ነበር፤ ቦዩ ተደፍኖ ነበር። የጻፍሁት ግን ሐሰት ነበር። መስኮት ማለት ይህ ነው፤ ባቡር ላይ መሆን አያስፈልገውም።

ከዚህ በኋላ ስለ ኩራት ያለኝ አሳብ ተለወጠ። ቀድሞ የአቃቂ ልጆች ኩራት ባዶ ናፍቆት ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌው ግን የለበስሁትን ሸሚዝ ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ ድሩ ጥሩ እንደሆነ፣ ማጉ ግን የላላ መሆኑን፣ ከጥቂት አጠባ በኋላም እንደሚያረጅ ነገሩኝ፤ እንዳሉትም ሆነ። ይህ ኩራት እውቀት ነው። በፋብሪካው ሦስት ፈረቃ ውስጥ ተገኝቶ በጣት የቀረ እውቀት ነው። መዘውሩ ቢቆምም ጣቱ አልቆመም። ሰዎች ስለ ከተማቸው ሲኮሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚኮሩት በሕንጻው ሳይሆን በሚያውቁት ሙያ ነው፤ ተመራማሪው ግን ሕንጻው ሲፈርስ ኩራቱም አብሮ የፈረሰ ይመስለዋል።

ይሁን እንጂ ኩራትን ሁሉ ማጽደቅ አይገባም። በቋንቋችን ኩራትና ጉራ ሁለት ቃላት የሆኑት በከንቱ አይደለም። ኩራት የሚያውቀውን ይናገራል፤ ጉራ የማይፈልገውን ይደብቃል። የአቃቂ ጉራ የሚደብቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ወንዙ ነው። ፋብሪካው እንጀራ ሰጠን ስንል፣ ያው ፋብሪካና ከላይ ያለው ትልቁ ከተማ ፍሳሻቸውን በአቃቂ ወንዝ መልቀቃቸውን፣ በዚያ ውሃም ጎመንና ሰላጣ እየለማ ተመልሶ ወደ አዲስ አበባ ገበያ መውጣቱን አብረን መናገር አለብን። ወንዙ የሚያርፍበት የአባ ሳሙኤል ሐይቅ በእምቦጭ መሸፈኑ የሁላችንም የገዛ ሥራ ውጤት ነው። ሁለተኛው የመሬቱ ነገር ነው። የከተማው ታሪክ ከባቡሩ ይጀምራል ማለት ደስ ይላል፤ ገላንና ቱሉ ድምቱ የሚሉት ስሞች ግን ከባቡሩ በፊት በዚያ ያረሰና ከብት ያረባ የኦሮሞ ሕዝብ እንደነበረ ይመሰክራሉ። ከተማው በስፋት ቁጥር የዚያ ሕዝብ እርሻ እየጠበበ ሄዷል። ለአንዱ የከተማ ልደት የሆነው ለሌላው የማሳ መጥፋት ነው። ሆጋርት የፋብሪካውን በር ሳይከፍት እንደቀረ፣ የአቃቂ ልጅም እነዚህን ሁለት በሮች ሳይከፍት የሚናገረው ኩራት ግማሽ ታሪክ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ ከተነገረው ሦስት መመዘኛዎች አወጣለሁ፤ ስለ ደከመ ከተማ የሚጻፍ ማናቸውም ጽሑፍ፣ የእኔም ጭምር፣ በነዚህ ቢመዘን እወዳለሁ። አንደኛ፣ ጸሐፊው በስንት ጊዜ መጣ? ከተደፈነው ቦይ ጋር የተጠረገውንም ቀን አይቷል ወይ? ሁለተኛ፣ በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ምን ያውቃሉ? መከራቸው ብቻ ከተጻፈና እውቀታቸው ካልተጻፈ ጽሑፉ ጎዶሎ ነው። ሦስተኛ፣ የከተማው ሰዎች ራሳቸው የማያነሡት ነገር ምንድን ነው? እርሱንስ ጸሐፊው በፊታቸው ደፍሮ ሊያነሣው ይችላል ወይ? የመጀመሪያዎቹ ሁለት መመዘኛዎች ከፍርስራሽ ፍቅር ያድኑናል፤ ሦስተኛው ከጉራ።

አንዳንድ ጓደኞቼ ጥናት ስሜት የሌለበት መሆን አለበት፣ ሩቅ ቆሞ ማየትም ለፍርድ ይጠቅማል ይሉኛል። አልቃወምም፤ ሩቅ ያልቆመ ሰው ወንዙን ላያይ ይችላል። ነገር ግን ርቀት ለፍርድ የሚጠቅመው አስቀድሞ ቀርቦ የጠየቀ ሰው ሲርቅ ነው። ኦርዌል በእግሩ ቀርቦ ነበር፤ ባለመጠየቁም የሴትዮዋ ቱቦ ይህን ያህል ዘመን ተደፍኖ ቀረ። እኔ ባለፈው ዓመት የጻፍሁትን ጽሑፍ አርሜ ለመምህሬ መልሻለሁ። በሰፈሩ ያለው ቦይ ግን ይህን ስጽፍ እንደገና ተደፍኗል፤ እድሩም ለሦስተኛ ጊዜ መዋጮ ጀምሯል። በሚቀጥለው ወር ወርጄ የሆነውን አያለሁ።